ሳይጠሩት የሚሄድ ሰው

ጠብታው ከኮርኒሱ ወርዶ ልክ የንፍሮው ሳህን መሃል ላይ አረፈ። ለቀስተኞቹ ሁሉ አዩት፤ ሁሉም እንዳላየ ሆኑ። የሟቹ እህት ኮሳራ ሳህኑን በአንድ ጣቷ ገፋ አድርጋ ከጠብታው መንገድ አወጣችውና ማንኪያውን ለሚቀጥለው ሰው አቀበለች።

«ነፍስ ይማር» አለ ባለ ወፍጮው፣ ንፍሮውን ዋጥ አድርጎ።

«ነፍስ ይማር» አሉ ሌሎቹ።

ሁለተኛው ጠብታ የጠረጴዛው ልብስ ላይ ወደቀ። ባሏን የቀበረችው ስታሜንካ ተነስታ ከማድቤት ድስት አመጣችና ከሥሩ ደቀነችበት። ከዚያ ወዲያ ሰው በተናገረ ቁጥር ድስቱ ጣልቃ እየገባ ጠብ፣ ጠብ ይል ጀመር።

«እንደ ቪቶሚር ያለ ሰው ከእንግዲህ አይገኝም» አለ ባለ ወፍጮው። «ያ ነፋስ የመጣ ዕለት፣ እኔ ገና ጫማዬን ሳላጠልቅ እሱ የሞተር መጋዙን ይዞ ደጄ ላይ ቆሟል። ማን ጠራው? ማንም! ደጃፌን የዘጋውን ዛፍ ቆራርጦ ጥሎልኝ ሄደ።»

«እኛም ቤት እንደዚሁ ነው» አለች አንዲት ሴት።

«የኔንም አጥር ያነሳው እሱ ነው» አለ በሩ አጠገብ የተቀመጠ ሽማግሌ።

ስታሜንካ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ይህንኑ ነው የምትሰማው። የእገሌን አጥር አነሳ፣ የእገሌን መንገድ ከፈተ። በልቧ «የኛስ ቤት?» ትላለች። የነሱ ቤት፣ ማለትም አሁን ሁሉም ተሰብስበው ንፍሮ የሚበሉበት ቤት ጣራ ላይ፣ ያ ነፋስ ከነሥሩ ነቅሎ የጣለው የዋልነት ዛፍ ዛሬም ተጋድሟል። የመኝታ ቤቱን ጥግ ሰብሮ ገብቶ አንዱ ቅርንጫፍ ከነቅጠሉ አልጋው ላይ ደርቋል። አስከሬኑን ይዞ የወጣው ሰው ሁሉ ከዚያ ዛፍ ሥር ጎንበስ ብሎ ነው ያለፈው። ጎንበስ ያለ እንጂ ቀና ብሎ ያየ አልነበረም።

በኛ መንደር ደቦ ሕግ አለው። ሰው በሌላው ግቢ ውስጥ መሣሪያ የሚያነሳው አባወራው በየበሩ ዞሮ ሲጠራው ነው። ሳይጠሩት የሄደ፣ ያን ቤት አቅመ ቢስ ብሎ እንደሰደበ ይቆጠራል። ባሏ የሞተባት ሴት ደግሞ አርባው ሳይወጣ ከግቢዋ በር አትወጣም። እንግዲህ አስቡት፤ የሚጠራው አባወራ ሞቷል፣ ሚስቱ ወጥታ መጥራት አትችልም፣ ያልተጠራ አይመጣም። ጣራው እስከ አርባው ያፈሳል ማለት ነው። ይህን ሕግ ያወጡ አያቶቻችን ዝናብ አያውቁም ነበር ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። ዕድሜውን ሙሉ ሲጥሰው የኖረ አንድ ሰው ነበረን፤ እሱንም ቀብረነዋል።

ዝናቡ ጠና። ስታሜንካ ኮሳራን በዓይኗ ጠቅሳ ወደ ማድቤት ወሰደቻት። የማድቤቱ በር በደንብ አይገጥምም፤ በድንጋይ ደገፍ አድርጋ ዘጋችው። ቪቶሚር ለግማሹ መንደር በር ገጥሟል። ይህን በር ግን «ነገ» እንዳለው ነው የሞተው። ስትቆጣው የሚመልሳት መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «የኛማ የት ይሄዳል?»

«ኮሳራ፣ አንቺ ከግቢ መውጣት ትችያለሽ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሁለት ሦስት በር አንኳኪልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«ስታሜንካ ጠርታችኋለች ብለሽ ነዋ! ጣራዬ ላይ እኮ ዛፍ ተኝቷል።»

«ቀስ በይ እንጂ፣ ይሰማሉ።»

«ይስሙ! አናታቸው ላይ እየዘነበ ያልሰሙትን ከኔ ነው የሚሰሙት?»

ኮሳራ ጥቁር ሻሿን ፈታ አድርጋ እንደገና አጥብቃ አሰረች። «የኛ ዘር ለምኖ አያውቅም። አባታችን ቤቱ የተቃጠለ ጊዜ እንኳ ማንንም አልጠራም።»

«ታዲያ ምን ሆናችሁ?»

«ምን እንሆናለን? ከረምን።»

«የት?»

ኮሳራ መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደ በሩ አየች። «ከላሞቹ ጋር» አለች። «ቪቶሚር ገና ልጅ ነበር። እግሩን ላሚቷ ሆድ ሥር ከትቶ ነበር የሚተኛው። ጎረቤት በአጥር ላይ ያየናል። እነሱ አባታችን እስኪጠራቸው ይጠብቃሉ፣ እሱ ደግሞ እነሱ እስኪመጡ ይጠብቃል። ከዚያ አባታችንን ሳል ያዘው። ብርዱ ሳያልፍ ሞተ።»

«ወይኔ፣ ኮሳራ!»

«ሞተ፤ ግን የማንንም ደጅ ሳይጠና ነው የሞተው» አለች ኮሳራ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ።

ስታሜንካ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ፀጉሯ ጥቁር ሆኖ ገብታ እስኪሸብት ድረስ ከዚህ ሰው ጋር ኖራለች፤ ይህን አንድ ቀን አልነገራትም። ነፋስ በነፈሰ፣ በረዶ በጣለ ቁጥር ከምግብ ላይ ሳይቀር እየተነሳ ሲወጣ፣ እሷን የሚሸሽ ይመስላት ነበር። ቤቱ ያስጠላው፣ ሚስቱ ያስጠላችው። ለዓመታት ብቻዋን እራት እየበላች ቂም ስትቋጥር ኖረች። ቢነግራት ምን ነበረበት? መጋዙን ራሷ ታቀብለው ነበር። አሁን ታዲያ በማን ትናደድ? ከላም ሥር የተኛን ሕፃን እንዴት ይቀየሙታል? ግን ተናደደች። ከበፊቱም ይልቅ ተናደደች።

ነፋሱ የመጣው በቀትር ነበር። ሁለቱም ማድቤት ነበሩ፤ ቤቱ ሲናወጥ ጠረጴዛው ሥር ገቡ። ካለፈ በኋላ ቪቶሚር ወጥቶ ጣራውን አየና ሳቀ።

«ተመስገን፣ አልጋ ላይ አልነበርንም!»

መጋዙን ሲያነሳ እጅጌውን ያዘችው። «ዛሬ እንኳ ከኛ ጀምር፣ ቪቶሚር።»

«የኛማ የት ይሄዳል? ይኸው ተኝቷል። የጎረቤታችን የሚሌታ ጥድ የላሞቹን በር ዘግቶታል፤ ላሞቹ ውስጥ ናቸው።»

«ሚሌታ ጠራህ?»

«አይጠራም» አለ። «ሰው እኮ አይጠራም፣ ስታሜንካ።» እጅጌውን ቀስ ብሎ አስለቀቀና ወጣ። በመንገዱ ላይ የባለ ወፍጮውን ደጃፍ ከፍቶ፣ የሽማግሌውን አጥር አንስቶ ነበር ሚሌታ ቤት የደረሰው።

ከሚሌታ ቤት የመጣው ሬሳው ነው። የሚሌታ ጥድ ከነሥሩ ተነቅሎ ነበር፤ ሥሩ አፈሩን እንደያዘ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ግድግዳ ሆኖ ቆሟል። ግንዱ ሲቆረጥ ያ ግድግዳ ተመልሶ ወደ ጉድጓዱ ይወድቃል። ስለዚህ ሚሌታ ትራክተሩ ላይ ተቀምጦ በሽቦ ገመድ ወጥሮ ያዘው። ቪቶሚር ቆርጦ ጨረሰና በጉድጓዱ በኩል የቀረ ሥር ሊያላቅቅ ገባ። በኛ ዘንድ ደግሞ ለደቦ የመጣ ሰው ሥራውን በደረቅ ጉሮሮ ከጨረሰ ለባለቤቱ ነውር ነው። ሚሌታ ዞር ሲል የፕሪም አረቄው አልቀረበም። ሚስቱን ጮሆ ጠራት፤ አልሰማችም። አፈረና ራሱ ሊያመጣ ከትራክተሩ ዘለለ። ትራክተሩ በዝናብ በራሰው መሬት ላይ ወደ ኋላ ተንሸራተተና ገመዱ ላላ። ሚሌታ ብርጭቆዎቹን በትሪ ይዞ ሲመለስ ጉድጓዱ በቪቶሚር ላይ ተዘግቶ ነበር።

ስታሜንካ ከወንበሯ ተነሳች። በማድቤቱ መስኮት፣ ከግቢው በር ውጪ አንድ ሰው ኮፍያውን አውልቆ ዝናብ ላይ ቆሞ አየች። ሚሌታ ነው። ከቀብሩ ወዲህ በየቀኑ እስከ በሩ ይመጣና ይመለሳል። ዛሬ ግን ኮቱ ሥር የደበቀው ነገር ነበር።

ድንጋዩን በእግሯ ገፋችና በለቀስተኞቹ መሃል አልፋ ወጣች።

«የት ነው?» አለች ኮሳራ እየተከተለቻት። «ስታሜንካ! ከበሩ እንዳትወጪ!»

አልወጣችም። የግቢውን በር ደፍ በጫማዋ ጫፍ ነክታ ቆመች። ሚሌታ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለ።

«ምንድን ነው የያዝከው?»

«መጋዙ ነው... የሱ» አለ ሚሌታ። «ጠርጌዋለሁ፤ ስለቱንም ሞርጄዋለሁ። ልመልስ ነበር። አስቀምጬ እሄዳለሁ።»

«ለምን ትሄዳለህ? ግባ።»

«እንዴት ልግባ? አልጠራሽኝም።»

«አንተስ እሱን ጠርተኸው ነበር?»

ሚሌታ በዝናብ የራሰ ኮፍያውን በእጁ ጨመቀ።

«መልስልኝ እንጂ! ጠርተኸው ነበር?»

«አልጠራሁትም። ራሱ መጣ።»

«እንግዲያውስ ያንተ ይሻላል፤ እኔ ጠርቼሃለሁ።» ወደ ቤቱ ዞረች። ለቀስተኞቹ በሩ ላይና በረንዳው ላይ ተደርድረዋል፤ አንዱ ማንኪያውን እንደያዘ ነው። «እናንተንም ጠርቻለሁ! እዚሁ ግቢዬ ውስጥ ስላላችሁ በየበራችሁ አልዞርም። ንፍሮውን ከበላችሁ ዛፉን ከጣራዬ ላይ አንሱልኝ!»

«አዋረድሽን!» አለች ኮሳራ። «አዋረድሽን፣ የወንድሜ አፈር ገና ሳይደርቅ!»

«በዚህ ዝናብ እንዴት ይደርቃል?» አለች ስታሜንካ።

የሳቀ አልነበረም። ባለ ወፍጮው ግን ኮቱን አወለቀና፣ የሚሰቅልበት ስላጣ ለሽማግሌው አስያዘው። ሌላው መሰላል ፍለጋ ሄደ።

ሚሌታ አሁንም በሩ ላይ ነበር። «ስታሜንካ፣ እኔ እኮ... ትራክተሩን የለቀቅሁት...»

«አውቃለሁ። መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ቁረጥ እንጂ አታውራ።»

የባለ ወፍጮው ትራክተር መጣ። ዋልነቱን በሽቦ ገመድ ከግንዱም ከሥሩም ወጠሩት። ሚሌታ መሰላሉ ላይ ወጥቶ መጋዙን አስነሳ። መጀመሪያ ቅርንጫፎቹ ወረዱ። አልጋው ላይ የደረቀው ቅርንጫፍ ሲሳብ ከአንሶላው ጋር ተያይዞ ወጣ።

በዚህ መሃል ኮሳራ አረቄና ብርጭቆ በትሪ ይዛ ከቤት ብቅ አለች። የተናደደች ብትሆንም ሰው በዚህ ቤት በደረቅ ጉሮሮ ሲሠራ ማየት አልቻለችም። ባለ ወፍጮው ከትራክተሩ አንገቱን አሰገገ።

ስታሜንካ መንገድ ዘግታ ቆመች። «መልሺው።»

«ሴትዮ፣ አብደሻል? ምን ይሉናል?»

«የፈለጉትን ይበሉ። አንድ ሰው ከዚያ ትራክተር ከወረደ ትሪውን ከነብርጭቆው እሰብረዋለሁ።»

ኮሳራ አልተመለሰችም፤ አልቀረበችምም። ዝናቡ ብርጭቆዎቹን እየሞላቸው እዚያው ቆመች። ከንፈሯ ሲርገበገብ ስታሜንካ አየችና ፊቷን መለሰች። ለማንም የሚተርፍ ርኅራኄ አልነበራትም።

ግንዱ ተቆርጦ ሲንሸራተት የጣራው ሸክላዎች ረገፉ፤ መሬቱ ነጎደ። ሥሩን ቀስ አድርገው ወደ ጉድጓዱ መለሱት፤ አንድም ሰው በዚያ በኩል አልነበረም። ወንዶቹ ጣራው ላይ ወጥተው ሸራ መወጠር ጀመሩ። ቤቱ ውስጥ ድስቱ ዝም አለ።

ሚሌታ ወርዶ ግንዱ አጠገብ ተንበረከከ። ውሃውን ከፊቱ ጠረገና ቀና ብሎ አያት።

«ለማገዶ ልቆራርጥልሽ፤ ምድጃሽ ምን ያህል ርዝመት ያለው እንጨት ይወስዳል?»

ስታሜንካ ወደ ግንዱ አየች። እንጨት ፈልጣ አታውቅም። በየክረምቱ ከምድጃው ጎን በልኩ ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ ተደርድሮ ታገኘዋለች። አንድም ክረምት ጎድሎ አያውቅም፤ አንድም እንጨት ረዝሞ የምድጃውን በር አላስከፈተም። መቼ እንደሚቆርጠው እንኳ አላየችም። ማን እንደሚያደርገው አስባ አታውቅም ነበር።

ሁሉም መልሷን ይጠብቃሉ። ሁለት እጆቿን ከፊቷ ዘረጋች፣ እንጨቱን ከክምሩ ስታነሳ እንደምትይዘው። ትንሽ አጠበበች፤ መልሳ ትንሽ አሰፋች።

«ይህን ያህል» አለች።

ሚሌታ ልኩን በዓይኑ ይዞ ግንዱ ላይ ምልክት አደረገና መጋዙን አስነሳ። የመጀመሪያው ጉማጅ ተቆርጦ ወደቀ፤ ሁለተኛውም ወደቀ። ስታሜንካ ግን እጆቿን አላወረደችም።