ግድግዳ የሚገፋው ውሻ

በጨረቃ አቆጣጠር ሰባተኛው ወር ገብቶ የሙታን በር ሲከፈትና ሙታን ለወሩ ወደየቤታቸው ሲመጡ፣ በእኛ ከተማ በታይናን ሰው ሁሉ ማሰብ ይተዋል። ማታ ልብስ ውጭ አናሰጣም፣ ባሕር አንገባም፣ ከኋላ ለጠራን አንዞርም። ይህን እኔም አደርጋለሁ። ታሞ የሚሰቃይ ውሻ ከቦ ማድነቅ ግን አልችልበትም።

የጎረቤቴ የዩሺያ ባል ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም። የቀራት የእሱ ውሻ ላይፉ ነው፤ በዚያ ቤት ከእሷ ሌላ ትንፋሽ ያለው እሱ ብቻ ነው። እሱም ቢሞትባት ምን እንደምትሆን ማሰብ ያስፈራኛል። ታዲያ ድመት ካላባረረ ቀኑ የማይመሽለት ይህ ውሻ፣ አንድ ጠዋት ድንገት ምግቡን ትቶ ግንባሩን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ቆመ። ቢጠሩት አይሰማም። ጎትተው ቢያላቅቁት ዞሮ ዞሮ ተመልሶ ይለጠፋል።

የባሏ እህት ቹንታኦ ወዲያው ደረሰች። የሰፈራችን ሙታን ጉዳይ አስፈጻሚ እሷ ናት፤ የትኛው ሙት እንደተራበ፣ የትኛው እንደተቀየመ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ወንድሟ ለወሩ መጥቶ ውሻው ገላ ውስጥ መግባቱን፣ ግድግዳውን የሚገፋውም ከጀርባው ያለው መኝታ ቤት ናፍቆት መሆኑን አስረዳችን። የተጠበሰ ዶሮ መጣ፣ ፓፓያ መጣ፣ አንዱ በስልኩ ቀረጸ። ዩሺያ የባሏን ነጠላ ጫማ አምጥታ ከውሻው እግር ሥር አስቀመጠችለት። ላይፉ ለሐጩ ሲዝረበረብ እንኳ፣ የናፍቆት እንባ ነው የሚል አዋቂ አልጠፋም።

እኔ ሐኪም ቤት እንውሰደው ብል፣ ቹንታኦ ሟቹ ይጠየቅ አለች። እኛ ዘንድ ሙት የሚጠየቀው ግማሽ ጨረቃ በሚመስሉ፣ ሆዳቸው ጠፍጣፋ ጀርባቸው ጎባጣ በሆነ ሁለት እንጨቶች ነው፤ ተወርውረው አንዱ በሆዱ፣ ሌላው በጀርባው ካረፈ እሺ ማለት ነው። ወረወረች። ሁለቱም በጀርባቸው ተንጋለው ተወዛወዙ።

«ወንድሜ ሳቀብሽ» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ከሙት ጋር መጨቃጨቅ ግን አያዋጣም፣ በዘዴ ገባሁ። «ጥያቄሽ ነዋ የተበላሸው፣ እቴ። ሰውዬው ሞተር ብስክሌት ነፍሱ አልነበር? ከሚስትህ ጋር ትንሽ ትንሸራሸራለህ ወይ በይልኝ እስቲ።»

እንጨቶቹ አንዱ በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው አረፉ። ባያርፉም እስኪያርፉ አስወረውራት ነበር። ዩሺያ ውሻውን አቅፋ ሞተሬ ላይ ከኋላዬ ተፈናጠጠች፤ ሽርሽራችንም የእንስሳት ሐኪሙ በር ላይ አለቀ።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ደም ቀዳ፣ ጉሉኮስ ሰካ፣ የላይፉ ጉበት መርዝ ማጣራት ስላቆመ አንጎሉ መነካቱን ነገረን። ድንገት ግድግዳ መግፋት የጀመረ ውሻ በዚያው ሰዓት መታየት እንዳለበት፣ ይሄኛው ሊተርፍ እንደሚችል፣ ቃል ግን እንደማይገባልን ጨመረበት።

«ከጠዋት ጀምሮ እያዩት ምን ይጠብቁ ነበር፣ እማማ?»

«ባሌ መስሎኝ» አለች ዩሺያ።

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት። ሊወጋት ፈልጎ አይመስለኝም፤ ግራ ገብቶት ነው።

«ባለቤትዎስ ቢሆኑ፣ ታመው አያሳክሟቸውም ነበር?»

ዩሺያ የላይፉን ጆሮ ደባበሰች።

«አላሳከምኩትም» አለች። «ራሴን አመመኝ ሲለኝ፣ ይተውሃል፣ ተኛ አልኩት።»