ሎሚና የብርሃኑ ሳጥን

ሰው «ማሳከክ ብቻ ነው እንዴ?» ሲል አበራሽ ደሟ ይፈላ ነበር። ብቻ! እስቲ ከባሏ ከባፈና ጋር አንድ ሌሊት አብረው ይደሩና ያውሩ! ሰውዬው የኩላሊቱን ሕመም ለምዶታል፤ ለእጥበት ከጫኖ አርባ ምንጭ መመላለሱንም አላማረረም። ያሳበደው ኩላሊቱ ያመጣበት ማሳከክ ነው። ያ ኩሩ ሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ጓሮ ወጥቶ ጀርባውን ከማንጎው ግንድ ጋር እየፈተገ እንደ ልጅ ያለቅሳል።

«አበራሽ፣ ጌታ ቢወስደኝ ይሻለኛል» አላት አንድ ቀን።

ክኒኑም ቅባቱም አልሆን ሲል፣ የቆዳ ሐኪሟ ዶክተር አቢጋኤል የብርሃን ሕክምና ጀመረችለት። ዓይንን ሸፍኖ፣ ልብስን አውልቆ፣ ብርሃን የሚረጭ ሳጥን ውስጥ ትንሽ መቆም ነው።

«አባቴ፣ በልኩ ሲሆን ብዙም አያሰጋም፤ ካለፈ ግን ያቃጥላል» አለችው። «አንዳንድ ቅባት ደግሞ ከብርሃኑ ጋር ቆዳ ይጎዳል፤ ስለዚህ በቀጠሮዎ ቀን ምንም ቅባት እንዳይቀቡ።»

ደግሞስ ሠራ! ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ባፈና እስኪነጋ ድረስ ለሽ ብሎ ተኛ። አበራሽ ትንፋሹን እያዳመጠች በደስታ አነባች።

ታዲያ በቀጣዩ ቀጠሮ ጠዋት፣ ባሏ ሐኪም ፊት ላብ ላብ እንዳይሸት ብላ ከጓሮ ሎሚ ቀጠፈች፤ ጨምቃ ጀርባውን አሸችው። ጫኖ ላይ ሎሚ ለላቡም ለማሳከኩም ነው። ቅባት አይደል፣ ምን ክፋት አለው?

ሳጥኑ ውስጥ ቆሞ በተመለሰ በሁለተኛው ቀን ጀርባው ቀልቶ ውሃ ቋጠረ። ባፈና ሸሚዝ ሲነካው ይጮኻል። ወንድሙ ይፍሩ እየሮጠ መጣና ግቢውን አናጋው።

«ጠበሱት እኮ! ከእንግዲህ እዚያ ሳጥን ውስጥ አይገባም፣ አለቀ!»

«እሱን ከከለከላችሁኝማ ግደሉኝ» አለ ባፈና በደረቱ እንደተኛ። «እንቅልፍ ያገኘሁት በሱ ነው።»

ተሸክመው ወሰዱት። ዶክተር አቢጋኤል ገና ስታየው ክው አለች፤ የብርሃኑን መጠን አብዝታ የጎዳችው መስሏታል። ቀረብ ብላ ስታየው ግን ግራ ገባት።

«ማሽኑ ቢሆን ገላቸውን በሙሉ ነበር የሚያቃጥለው። ይሄ ግን የፈሰሰ ነገር መስመር ነው። ይሄ ደግሞ… የሰው እጅ። ማነው ያሻቸው? በምን?»

አበራሽ ቀና ብላ አየች። በባሏ ጀርባ ላይ መዳፍ ከነጣቶቹ ቀልቶ ተቀምጧል። እጇን ሳታስነካ ከላዩ ዘረጋችው። ልክክ አለ።

«በሎሚ» አለች።

«ሎሚ ቆዳ ላይ እያለ ብርሃን ሲያገኘው እንዲህ ያቃጥላል፣ እናቴ። የፀሐዩም ያው ነው። ብርሃኑን ለዘለቄታው አንከለክላቸውም፤ ቁስሉ ሲድን ከትንሹ እንጀምራለን። እስከዚያ ግን አይቻልም።»

እስከዚያ! ማሳከኩ እኮ ቁስል አይጠብቅም፤ የቆሰለ ገላ ደግሞ አይታከክ። አበራሽ መሬት ላይ ዝርግፍ አለች።

«በገዛ እጄ! ወይኔ ጌታዬ፣ በገዛ እጄ ጠበስኩት!»

«አበሩ» አለ ባፈና ፊቱን ሳያዞር። «ለቅሶውን ተዪና ነይ፣ እጆቼን ያዢልኝ። ብቻዬን አልችለውም።»

ተነስታ ሁለቱንም ያዘችለት። ወዲያው ማሳከኩ መጣ። ጣቶቹ ሊያመልጡ ታገሏት፣ ጥፍሩ መዳፏ ውስጥ ገባ፤ አልለቀቀችም።