«ኖ ኒውስ» ሆጤ ላይ አይሠራም

የአጎቴ ልጅ ጀላል ኮምቦልቻ እንግሊዝኛ ያስተምራል። ምን ነበረበት እዚያው ለተማሪዎቹ ቢያስተምር! በዒድ ማግስት ደሴ፣ ሆጤ እኛ ቤት መጣና እናቴን «አክስቴ፣ ፈረንጆቹ ‹ኖ ኒውስ ኢዝ ጉድ ኒውስ› ይላሉ። ወሬ ካልመጣ ደህና ነው ማለት ነው። ክፉ ነገር ቢኖር እስካሁን ይሰማ ነበር፤ አብሽሩ» አላት።

ወንድሜ ፉርቃን በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ሳዑዲ ልግባ ብሎ ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። እናቴ ከዚያ የመጣን ሰው ሁሉ ስትጠይቅ፣ ስልክ ስታስደውል ነበር የከረመችው። ጀላል ከመጣ በኋላ መጠየቅ ተወች። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ያቺን የፈረንጅ አባባል እንደ ዚክር ትደጋግማት ጀመር። «ከልጁ ምን ሰማችሁ?» ሲሏት «ምንም፣ አልሐምዱሊላህ!» ትላለች። ኧረ በአላህ! ምንም ተብሎ ይመሰገናል?

ጀላል የፈረንጁን አገር አውቆ የራሱን ረሳ። እኛ ዘንድ የሚሮጠው ደግ ወሬ ነው። ፉርቃን ደህና ነው የሚል ቢገኝ ኖሮ፣ «የምስራች!» ለማለት ግማሹ ሆጤ ጫማውን ሳያጠልቅ በራችን ላይ ይጋፋ ነበር። መርዶ ግን ይቀመጣል። ሽማግሌ እስኪመረጥ፣ ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ አገር ሁሉ አውቆ የሟች እናት ብቻ ሳታውቅ ትከርማለች።

መጀመሪያ የተለወጠችው ከይሪያ ናት። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ስትሆን ካላወራች ያማታል። ሰሞኑን ግን ትመጣለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ትጠርጋለች፣ እናቴን «ብይ እንጂ» ትላለች፤ ስለ ፉርቃን ትንፍሽ አትልም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ የከይሪያ አፍ ሲዘጋ ግን እኔን ብርድ ብርድ አለኝ።

ከዚያ ፒያሳ ላይ ሸረፈዲንን አየሁት። የኩታበር ልጅ ነው፤ ከፉርቃን ጋር አብረው ነው የወጡት። መመለሱን ማንም አልነገረንም። ጮኼ ጠራሁት። አየኝና ሰላም እንኳ ሳይለኝ ዘሎ ባጃጅ ውስጥ ገባ። በቃ፣ ወሬውን አምጥቶ ለሽማግሌዎቹ አስረክቧል ማለት ነው። 

በማግስቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ መጡ። የሰፈራችን ሽማግሌ ሼህ ሙዓዊያ ከፊት፣ ከይሪያ ከኋላ፣ ጀላልም አንገቱን ደፍቶ። እናቴ ገና ስታያቸው እጇን ዘረጋች።

«እንዳትነግሩኝ! ሼህ ሙዓዊያ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ። ካልነገሩኝ ልጄ ደህና ነው። ቁርስ ላቅርብ፣ ቀምሳችሁ ሂዱ።»

የስንቱን መርዶ ያረዱ ሰውዬ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። እናቴ እውነትም ዳቦ መቁረስ ጀመረች። ለእያንዳንዱ አደለች፤ እነሱም ተቀበሏት። ደሜ ፈላ። ወንድሜ አንድ ሰው እንኳ ሳያለቅስለት ዳቦ ሊበላበት ነው?

«እማ፣ ፉርቃን ሞቷል!» ብዬ ጮህኩ።

ቤቱ በለቅሶ ተናጋ። እናቴ ብቻ አላለቀሰችም። ዳቦውን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ።

«ባሕር የማረውን ልጄን» አለች፣ «አንቺ በላሽው።»

ይኸው እስከ ዛሬ ከእጄ ውሃ እንኳ አትቀበልም።