በስሟ የምትማረው ሴት

ሥራዋ መተኮስ ነው። የማያውቋት ሰዎች «ተኳሿ» ሲባል ሰምተው ወታደር ትመስላቸዋለች፤ እሷ ግን በዕድሜዋ ከካውያ ሌላ የጨበጠችው መሣሪያ የለም። ከሆቴሉ ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለበት፣ እንፋሎቱ ግድግዳውን በሚያረጥብበት ክፍል ቆማ ትውላለች። አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የእንግዳ ሸሚዝ። እንግዳ ሲቀንስ የሥራ ሰዓቷም ይቀንሳል። የእናቷ መድኃኒት ግን አይቀንስም።

እናቷ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አይወርዱም። «እግሬ ጡረታ ወጣ፤ አፌ ገና በሥራ ላይ ነው» እያሉ በራሳቸው ይስቃሉ።

ለእንዲህ ያለ ቤተሰብ የመንግሥት ድጎማ እንዳለ የነገራት ግቢው ውስጥ ፊት ለፊቷ የሚኖር ሰው ነው። ሰፈሩ «ጉዳይ ገዳይ» ይለዋል። መታወቂያ ለጠፋበት፣ ውሃ ለተቆረጠበት፣ ፈቃድ ለሚያወጣ ሁሉ በየቢሮው ገብቶ ይጨርስለታል። ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማው የለም። እሷንም ይዟት ሄደና አስመዘገባት። አሻራ ሰጠች፣ ፎቶ ተነሣች፣ ካርድ ተሰጣት። የካርዱን የሚስጥር ቁጥር በስልኳ ያወጣላት እሱ ነው። መታወቂያዋንም «ጊዜው ሊያልፍ ነው፤ ላሳድስልሽ» ብሎ እጁ ላይ አስቀረው።

ድጎማው ግዴታ ነበረው። ሙሉ ቀን የማይሠራ ተጠቃሚ ሁሉ በየሳምንቱ ማክሰኞ በማዕከሉ አዳራሽ የሥራ ሥልጠና መከታተል አለበት። የቀረ ይሰረዛል።

«አንቺ ሥራ ስላለሽ አይመለከትሽም፤ ተነጋግሬ ጨርሼዋለሁ» አላት። መርቃ አመሰገነችው።

መጀመሪያ ላይ ካርዱ ሠራ። እህሉንም መድኃኒቱንም ገዛችበት። ከዚያ አንድ ቀን የመድኃኒት ቤቱ ሰው ካርዱን አስገባ፣ አወጣ፣ በሸሚዙ ጠረገና መልሶ አስገባ። «ባዶ ነው እህቴ» አላት። በሚቀጥለው ወርም ባዶ ነበር።

«ተሰርዘሻል» አላት ጉዳይ ገዳይ፣ የግቢውን በር ደገፍ ብሎ። «ሥልጠና አልቀረበችም ብለው ነው። መመሪያው ተለውጧል።»

«አይመለከትሽም ብለኸኝ አልነበር፣ ወንድምዓለም?»

«ያኔ አይመለከትሽም ነበር። አሁን ግን ቢሮ ሄደሽ እንዳትነካኪው። ያላግባብ የወሰድሽውን መልሺ ይሉሻል፤ ክስም ሊያመጣ ይችላል። ዝም በይና በሚቀጥለው ዙር እኔ አስገባሻለሁ።»

ክረምቱን ሙሉ ዝም አለች። ጎረቤት እንዳይሰማባት ጭምር አፍራ ነበር። እናቷ ግን መድኃኒቱ ሲያልቅ ሕመሙ ጠናባቸው፤ የትራሱን ጥግ ነክሰው መዋል ጀመሩ። ቀልዱም ቆመ። ከሕመሙ ይልቅ ያስፈራት ይሄ የቀልዱ መቆም ነበር። በዕረፍት ቀኗ ለማንም ሳትናገር፣ ይቅርታ ልትለምንና ሥልጠናውን ልጀምር ልትል ወደ ድጎማው ቢሮ ሄደች።

ተራዋ ደርሶ ስሟን ስትናገር የመስኮቷ ሠራተኛ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረች። መልሳ አየቻት።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«ነገርኩሽ እኮ፣ ልጄ። ተሰርዣለሁ፣ ይቅርታ...»

«የተሰረዘ ሰው የለም። ይቺ ሴት ግዴታዋን አሟልታ ድጎማዋን በየወሩ ትወስዳለች። ከማንም በላይ ሥልጠና የማትቀር እሷ ናት። ባለፈው ማክሰኞ እዚሁ በረንዳ ላይ ሰላም ብላኛለች።» ሠራተኛዋ ድምፇን ዝቅ አደረገች፤ «እርስዎ» ማለቱንም ተወችው። «የሰው ስም ይዘሽ ነው የመጣሽው? መታወቂያሽን አምጪ።»

ስክሪኑ ወደ መስታወቱ ዘወር ብሎ ስለነበር አየችው። ከላይ የእሷ ስም፣ የአባቷ ስም፣ የእናቷ ስም ተጽፏል። ከሥሩ ያለው ፎቶ ግን የሌላ ሴት ነው። ቀጠን ያለች፣ ዓይኗ ጎላ ጎላ ያለ፣ ተኳሿ በዕድሜዋ አይታት የማታውቅ ሴት።

መታወቂያ የላትም። ስሜ የእኔ ነው ብላ ብትጮህ ማን ያምናታል? የበሩ ጥበቃ ከወንበሩ ሲነሣ ስታይ፣ ምንም እንዳልሰረቀች እያወቀች፣ እንደ ሌባ አቀርቅራ ወጣች።

ቤቷ ስትደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። ጉዳይ ገዳይ የእናቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ብርቱካን እየላጠ ነበር። ልጣጩን ሳይበጥስ እያዞረ ያወርደዋል።

«ቢሮ ሄድሽ አሉ» አላት፣ ቀና ሳይል።

ማን አለ? ከቢሮው ቀጥታ ነው የመጣችው፤ መንገድ ላይ ከማንም ጋር አላወራችም።

«እኔ እኮ የመከርኩሽ ለአንቺው ብዬ ነው። በሰው ስም ልትወስድ መጣች ብለው መዝግበውሽ ይሆናል።» አንድ ፍሬ ገምሶ ለእናቷ ሰጣቸው። «እንኩ ይበሉ፣ እማማ። ቀኑን ሙሉ ብቻዎን ነው አይደል የሚውሉት? በሩስ ከውስጥ አይቆለፍም፤ እርስዎ ተነሥተው አይከፍቱት ነገር።»

«ማን ይመጣብኛል ብለህ ነው?» አሉ እናቷ።

«ማንም፣ እማማ። ማንም አይመጣም።» ቢላዋውን በመሀረቡ ጠርጎ፣ እጥፍ አድርጎ ኪሱ ከተተ። ሲወጣ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋላቸው።

እናቷ ብርቱካኑን አልበሉትም። እጃቸው ላይ ይዘውት ቆዩና ወለሉ ላይ ጣሉት። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብሽ፤ አሁኑኑ ተነሺ» አሏት። «ሰው የሚያስፈራራው ሲፈራ ነው። ይህ ሰውዬ አንድ የፈራው ነገር አለ።»

በማግስቱ የልብስ ክፍሉ አለቃ፣ ጠንካራ ሴት፣ የተቃጠለ አንገትጌ ይዛ መጣች። ተኳሿ ሸሚዝ አቃጥላ አታውቅም። አለቃዋ ልትቆጣ አፏን ከፍታ ፊቷን ስታይ ተወችው። የሆነውን ሁሉ ሰማች። ከዚያ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ለደሃ በነጻ የሚቆሙ ጠበቆች እንዳሉ ነገረቻት። «ምሳ ሰዓትሽን ጨምሪበትና ሂጂ» አለቻት። «ሸሚዙን እኔ ቻልኩት።»

ጠበቃዋ ጉንፋን የያዛት፣ አፍንጫዋን በሶፍት እያበሰች የምታዳምጥ ወጣት ናት። አንድም ጊዜ አላቋረጠቻትም።

«ፎቶው ተቀይሯል» አለች በመጨረሻ። «ይሄ ያለ ውስጥ ሰው አይሆንም። ስለዚህ እዚያ ቢሮ ብቻዎን እንዳይመለሱ። ግን ሲመዘገቡ አሻራ ሰጥተዋል አይደል? ፎቶ ይቀየራል፤ ጣት አይቀየርም። አቤቱታ አስገብተን በዋናው ቢሮ አሻራው እንዲመሳከር እናደርጋለን። ያ እስኪሆን ሥልጠናውን ራስዎ ይጀምሩ።»

«ሌባዋ እየተማረችልኝ?»

«እሷ እንደተነቃባት አውቃ ከቀረች ስምዎ በመቅረት ይሰረዛል። ገንዘቡን ቢያስመልሱ እንኳ ከፕሮግራሙ ይወጣሉ። እስካሁን ግዴታውን የምትወጣልዎ እሷ ነበረች፤ ከአሁን በኋላ እርስዎ ነዎት።» ጠበቃዋ አነጠሰች። «ማክሰኞ አብሬዎት እመጣለሁ።»

ማክሰኞ ሁለቱ ከአዳራሹ ኋላ ተቀመጡ። አዳራሹ የፕላስቲክ ወንበርና የኖራ ሽታ ነው። አሠልጣኙ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሽማግሌ፣ ስም መጥራት ጀመረ። የተኳሿ ስም ሲደርስ ሁለት ሴቶች ባንድ አፍ «አቤት» አሉ።

አሠልጣኙ ሳቀ። የሳቀለት የለም።

ከፊት የተቀመጠችው ሴት ቀስ ብላ ዞረች። የስክሪኑ ሴት ናት፤ ጎላ ጎላ ያለው ዓይኗ አሁን ከጉድጓዱ ሊወጣ ደርሷል። አልሮጠችም፣ አልካደችም። ደብተሯን አጥፋ ተነሣችና በተኳሿ አጠገብ ስታልፍ በሹክሹክታ፣ «እናታችን ደህና ናቸው?» አለቻት።

ተኳሿ ልትመታት ተዘጋጅታ ነበር። «እናታችን» የሚለው ቃል ግን እጇን ያዘው። ተከትላት ወጣች፤ ጠበቃዋም ከኋላ። እጅ መታጠቢያው ጋ ደረሱባት። ቧንቧውን ከፍታ ውሃው እንዲጮህ ታደርግ ነበር።

«ዳሌያቸው የተሰበረው በየትኛው በኩል እንደሆነ ሳይቀር አውቃለሁ» አለች ሴትየዋ። «የሚጠይቁኝን እንድመልስ በቃሌ አስጠንቶኛል። ማክሰኞ አንቺን ነኝ። ረቡዕ ሌላ ሴት ነኝ። ዓርብ ደግሞ ሌላ።»

«ምን አድርጌሽ ነው?» አለች ተኳሿ። «እናቴ ትራስ ነክሳ ስትውል የእኛን ትበያለሽ?»

«እኔ ከእጄ የገባ የለም። ከአውቶቡስ የወረድኩ ለት ነው ያገኘኝ። ሥራ አስገባሻለሁ አለኝ፤ ወረቀቴን ሁሉ ሰበሰበው። የምተኛበት ቤት ውስጥ እንደ እኔ ያሉ ሌሎችም አሉ፤ በሩ ከውጭ ነው የሚቆለፈው።» የታጠበ እጇን ደጋግማ ታጥባለች። «የኔን ስም ማን ይዞት እንደሚዞር አላውቅም።»

ጠበቃዋ ጠጋ አለች። «ጠበቃ ነኝ፤ ቢሯችን ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ነው። ይህንን በቃልሽ ከመሰከርሽ እንከላከልልሻለን። አሁኑኑ ከእኛ ጋር ነይ።»

ሴትየዋ በመስኮቱ አጮለቀች። ከማዕከሉ በር ማዶ አንድ ነጭ መኪና ቆሟል፤ ሞተሩ አልጠፋም። «አሁን ካልወጣሁ ይገባል» አለች። «ሐሙስ ውሃ ልግዛ ብዬ እወጣለሁ። ቢሯችሁን አውቀዋለሁ።» ከዚያ ተኳሿን አንገቷን አቅፋ፣ እንደ እህት ጉንጯን ሳመቻትና ሄደች። ተኳሿ ልትይዛት እጇን ዘርግታ ነበር። ለምን እንዳልያዘቻት ኋላ ብዙ ጊዜ ራሷን ጠየቀች።

ሐሙስ ሴትየዋ አልመጣችም። ዓርብም አልመጣችም።

አሻራው ተመሳከረ፤ የተኳሿ ሆነ። በዋናው ቢሮ አንድ ሰውዬ ይቅርታ ጠይቋት አዲስ ካርድ ሰጣት፤ የሚስጥር ቁጥሩንም ራሷ፣ ለማንም ሳታሳይ፣ በጣቷ መታችው። ከተሰረቀው መመሪያው የሚፈቅደውን ያህል መለሱላት፤ የቀረው ቀረ። የእናቷ መድኃኒት ተገዛ። ፎቶውን ከውስጥ ማን እንደቀየረው ግን «በመጣራት ላይ ነው» ተባለች፤ እየተጣራ ሰነበተ።

ፖሊስ ጉዳይ ገዳይን ሊይዝ ሲመጣ ቤቱ ባዶ ነበር። በጠራራ ፀሐይ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ «ደህና ሁኑ» ብሎ፣ ሻንጣውን ጭኖ ሄዷል። ልጆች ሻንጣውን አጅበውለታል። ሰፈሩ እስከ ዛሬ በሁለት ወገን ነው፤ ገሚሱ «ሌባ ነበር» ይላል፣ ገሚሱ «እሷ ናት ያባረረችብን፤ አሁን ጉዳያችንን ማን ይገድልልን?» ይላል።

ተኳሿ ካርዱ ከእጇ ቢገባም ማረፍ አልቻለችም። አንድ ቀን ከጠበቃዋ ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ስለጠፋችው ሴት አመለከተች።

«ስሟ?» አለ መርማሪው።

ተያዩ።

«በእኔ ስም ነበር የምትጠራው» አለች ተኳሿ።

«እሱን አይደለም። የራሷን።»

አላወቁትም። ቁመቷን ነገሩት፤ ዓይኗን፣ እጇን ስትታጠብ መደጋገሟን፣ አሠልጣኙ ጎበዝ ተማሪዬ ነበረች ማለቱን። መርማሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እናንተ ያላችሁኝን የምትመስል ሴት ስንት አለች፣ እመቤቴ?» አለ፤ ክፋት አልነበረበትም። ነጩን መኪና ግን እንዲፈልጉት ቃል ገባ።

በየማክሰኞው ሥልጠናዋን አትቀርም። አለቃዋ ፈረቃዋን አዛውራላታለች፤ ስትወጣ እናቷ ዘንድ የጎረቤት ሴት ትቀመጣለች፤ በሩ ላይም ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ ተገጥሟል። እናቷ ቀልዳቸው ተመልሷል፤ በር ሲንኳኳ ግን ዝም ይላሉ።

የክረምቱ ዝናብ ዳግም ሲጀምር ወደ አዳራሹ አዲስ ሠልጣኞች መጡ። አሠልጣኙ ስም ሲጠራ ከመስኮቱ ሥር ያለች አንዲት ልጅ እግር ሴት ስሟ ተጠርቶ ትንሽ ዘገየች። ጎኗ ያለችው ሰው ጎሸም ስታደርጋት ነው ብድግ ብላ «አቤት» ያለችው።

ሌላው ሰው ልብ አላለውም። ተኳሿ ወንበሯን አንሥታ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። አሠልጣኙ ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ ጠብቃ፣ ዓይኗን ከፊት ሳትነቅል፣ «አትፍሪ፣ እህቴ» አለቻት። «መታወቂያሽ ማን ጋ ነው?»

ልጅቷ ከመስኮቱ ውጭ፣ ዝናቡ ውስጥ፣ ሞተሩ ያልጠፋ መኪና ታያለች።