ሱባኤ የገቡት ዶሮዎች

የመሪጌታ ምሕረትአብ አውራ ዶሮ ሰማይ ሰማይ ማየት የጀመረው በሁዳዴ አራተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። አንገቱ ወደ ኋላ ተጠምዝዞ፣ ምንቃሩ ወደ ላይ ቀንቶ፣ በአጥራችን ቀዳዳ ግማሽ አካሉን ወደ እኛ ግቢ አስገብቶ ቆሟል። መሪጌታ ጎረቤታችን ናቸው፤ ድጓ ያስተምራሉ። ጠርቼ ሳሳያቸው ደስ አላቸው።

«ይጸልያል» አሉኝ።

ፈንግል ነው ልላቸው ነበር። የእንስሳት ጤና ተምሬ ከተመረቅሁ ገና ሰባት ወር ነው፤ ይህን ዶሮ ፈጅ በሽታ ከሩቅ አውቀዋለሁ። ግን ሰው ፊት አፌ ይያዛል፤ በተለይ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የሚያውቀኝ ሰው ፊት። «አዎ የኔታ» ብዬ ወደ ቤት ገባሁ።

ሕይወት እንቁላል ትሪ ላይ እየደረደረች ነበር።

«ምን አልሻቸው?»

«አዎ አልኳቸው።»

«ምኑን ነው አዎ?»

«ይጸልያል ሲሉኝ።»

ሕይወት ትሪውን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። «ቤዛዊት፣ አንቺን ያስመረቀ ሰው እግዜር ይይለት» አለችኝ።

ሕይወት የአክስቴ የአማረች ልጅ ናት፤ የምንኖረውም አብረን በአክስቴ ቤት ነው። ስድስት ዓመት ኩዌት በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰችው መስከረም ላይ ነው። ይዛ የመጣችውን ሁሉ ጓሮው ውስጥ የዶሮ ቤት ሠራችበትና ስልሳ ሁለት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አስገባች። ደላላው ዛሬም ይደውልላታል፤ ቪዛ አለ ይላታል። እሷም ዶሮዎቹ ካልሆኑልኝ እመለሳለሁ ትላለች። በዚህ አትቀልድም። በሌላው ሁሉ ትቀልዳለች። ክንዷ ላይ ስላለው የካውያ ጠባሳ የሚጠይቃትን ሰው እንኳ «ሸሚዙን ስቼው ነው» ብላ ትሸኘዋለች።

ለታመመ ዶሮ ክትባት ምንም አይሠራም። የእኛዎቹ ግን ገና ደህና ነበሩ። ክትባቱ እዚህ ደብረ ታቦር አልቆ ስለነበር ሐሙስ ማለዳ ባሕር ዳር ሄጄ አንዲት ብልቃጥ ገዛሁ፤ በረዶ በተሞላ ፔርሙስ ውስጥ አድርጌም ተመለስኩ። ሚኒባሱ ሐሙሲት ከተማ ላይ ቆሞ ገበያተኛ ሲጭን በረዶው በሐሳቤ ይቀልጥ ነበር። ረዳቱን «ቶሎ በል» ለማለት ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትሁ፤ ሦስት ጊዜ ዘጋሁት። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ፔርሙሱን ዐይታ፣

«እታለም፣ ብርዱ ገደለኝ። እስኪ ከሻይሽ ጉንጭ አቅምሽኝ» አለችኝ።

«ሻይ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ውሸት አልሆንልሽ ሲለኝ «በሽታ ነው» አልኳት። እስከ ደብረ ታቦር ድረስ ሁለት ሰው የሚይዝ ቦታ ለብቻዬ ያዝኩ።

ቤት ስደርስ ችግሩ ውሃው ሆነ። ዶሮዎቹ ክትባቱን የሚወስዱት በመጠጥ ውሃ ነው፤ ተበጥብጦ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ክትባቱ ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ ደግሞ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ይገድለዋል። ትንሽ የዱቄት ወተት ሲጨመርበት ግን ወተቱ ክሎሪኑን ይይዘዋል። ይህን ሁሉ ለአክስቴ በደንብ አስረዳኋት። የሰማችው አንድ ቃል ብቻ ነው።

«ወተት? በሁዳዴ? በእኔ ቤት?»

«ለዶሮዎቹ እኮ ነው» አልኳት።

«ለማንም ይሁን።»

«እማ» አለች ሕይወት፣ «ዶሮዎቹ ክርስትና የተነሡት መቼ ነው? የጥሪ ካርድ አልደረሰኝም።»

«አትቀልጂብኝ። ዕቃዬን አላስነካም።»

«ቀኑን ሙሉ ትል ሲለቅሙ አይደል የሚውሉት?»

«ትሉን እኔ አላቀረብሁላቸውም።»

አክስቴ ትንሽ አሰበችና ወደ እኔ ዞረች።

«ክሎሪን የሌለበት ውሃ ነው የምትፈልጊው?»

«አዎ።»

«ንጹሕ ከሆነ ይበቃል?»

«ይበቃል።»

ቢጫውን ጀሪካን ይዛ ወጣች። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ነበር። ውሃ ልቅዳ ብሎ ምንጭ የሚወርድ ሰው ነጠላውን እንደዚያ እንደማያጣፋ ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን በረዶው አልቆ ብልቃጧን ብብቴ አጠገብ እንዳላሞቃት ብቻ ነበር የማስበው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ጀሪካኑን አዝላ ተመለሰች። «ከምንጭ ነው» አለች። በጠበጥሁት፣ ለዶሮዎቹ አቀረብን። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ስለነሣናቸው ተንጫጭተው ጨረሱት። ሕይወት ማጠጫዎቹ ባዶ እስኪሆኑ ድረስ አልተነቃነቀችም። አክስቴ በጀሪካኑ የተረፈውን በእፍኟ ቀዳች፣ አማተበች፣ ፊቷን አበሰችበት።

«ጠበል ነው እንዴ?» አለች ሕይወት።

«ክሎሪን የሌለበት ውሃ ነው ያላችሁኝ» አለች አክስቴ። «የለበትም።»

ትክክል ነበረች። ለክትባቱ ከዚያ የተሻለ ውሃ በከተማው አይገኝም።

ክትባቱ በደንብ እስኪይዝ ሁለት ሳምንት የውጭ ዶሮ ግቢያችን ድርሽ እንዳይል ነገርኳቸው። ሕይወት የአጥሩን ቀዳዳ በቆርቆሮ መታችው።

በሰፈሩ ፈንግል ገባ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሰው ዶሮው ሳይሞትበት ያርዳል፣ ወይም ገበያ ያወጣል። በጾም ግን ማን ይበላል፣ ማን ይገዛል? ሁሉም የታመመ ዶሮውን አቅፎ ፋሲካን ይጠብቃል። ዶሮዎቹ ግን ፋሲካን አይጠብቁም። ዓርብ ሦስት ቤት አለቀሰ፤ ቅዳሜ አምስት ቤት። የእኛ ግቢ ደህና ነበር፤ አክስቴም ደህና መሆኑን ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ነገረች።

«ምን ብለሽ ነገርሻቸው?» አልኳት።

«ጠበል አጠጣኋቸው፣ አንድም አልሞተ አልኩ።»

«ክትባቱንስ?»

«እሱን ማን ይጠይቃል ልጄ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በራችን ተንኳኳ። በበሩ ቆርቆሮ ቀዳዳ አየሁ። ወደ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ቆመዋል፤ ሁሉም ዶሮ ይዘዋል። በቅርጫት፣ በፌስታል፣ በጋቢ ሥር። ክንፋቸውን የጣሉ አሉ፣ አረንጓዴ የሚያስቀምጣቸው አሉ። ከፊት መሪጌታ ምሕረትአብ አውራቸውን ታቅፈዋል፤ እሱም እንደ ልማዱ ሰማዩን ያያል። ክትባቱ ገና ሦስት ቀኑ ነበር።

«አማረች! ከዚያ ጠበል ልናጠጣ ነው የመጣነው» አሉ አያ ይሻው፣ ከኋላችን ያሉት ድንች ነጋዴ።

አክስቴ ወደ መቀርቀሪያው ሄደች። ሕይወት ከጓሮ እየሮጠች መጣች።

«እማ፣ ያን በር ከከፈትሽው ነገ ኩዌት ነኝ!»

«አፍሽን ያዢ። ጎረቤት ነው።»

«ጎረቤት ይግባ። ዶሮው እዚያው ይቅር!»

«ጠበል የለመነኝን ሰው እንዴት ብዬ ነው የምመልሰው?» አለች አክስቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንቺ መልሽልኝ እስኪ። እንዴት?»

ሕይወት ስድብ አያልቅባትም። ለዚህ ግን ስድብ አጣች። ጠበል ለለመነ አይከለከልም፤ እሷም ታውቀዋለች። ወደ እኔ ዞረች። ስትለምን ዐይቻት ስለማላውቅ መጀመሪያ ምን እንደሆነች አልገባኝም።

በሩን ከፈት አድርጌ ወጣሁ፤ ከኋላዬም ዘጋሁት። ሰዉ ሁሉ እያወራ ነበር። የተናገርሁትን እኔም አልሰማሁትም።

«ምን አለች?» አሉ አያ ይሻው።

ሰዉ ሁሉ ጆሮውን ሰጠኝ። ዝም ካላሉ የእኔ ድምፅ አይሰማም።

«ጠበሉን በየሃይላንዳችሁ ቀድተን እንሰጣችኋለን» አልኩ። «ግን ሱባኤ አለው።»

«የማን ሱባኤ?»

«የዶሮዎቹ።»

አንዲት ሴት አማተበች። ከጀመርሁት ወዲያ ማቆም አልቻልሁም። «ጠበሉን የሚጠጣ ዶሮ በቤቱ ተዘግቶ ይሰነብታል። ከጎረቤት ዶሮ አይገናኝም። ገበያ አይወጣም። በራሱ ዕቃ ይጠጣል። የሚያበላው ሰው ሲገባም ሲወጣም እጁን ይታጠባል። የሞተውን አይጥሉትም፤ ይቀብሩታል።»

«ስንት ቀን?»

«ሁለት ሱባኤ። ዐሥራ አራት ቀን።»

«አውራውስ?» አሉ አያ ይሻው። «ከሴቶቹ ጋር ይደር ወይስ ይለይ?»

ሰዉ ሳቀ። ፊቴ ነደደ። «ይለይ» አልኩ።

«ልጄ» አሉ መሪጌታ። ሳቁ ቆመ። «ይህ የት ተጽፏል?»

ጫማዬን አየሁ። የተጻፈው በሁለተኛ ዓመት ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ነው፤ ኳራንቲን በሚል ርዕስ። ድፍን ሰፈሩ መልሴን ይጠብቃል። ከበሩ ጀርባ የሕይወት ትንፋሽ ይሰማኛል። መሪጌታ እኔን አዩ፤ ከዚያ አውራቸውን አዩ። ዶሮው ማንንም አላየም።

«ተጽፏል» አሉ። «በሉ ሃይላንዳችሁን አምጡና ወደየቤታችሁ።»

ሁሉም ውሃውን ይዞ ሄደ። መሪጌታ ብቻ ቀሩ።

«አሁን ሰዉ የለም። እውነቱን ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። ስለ ፈንግል፣ ስለ ክትባቱ፣ ስለ ወተቱ። በሕይወቴ ያን ያህል ረጅም ጊዜ ተናግሬ አላውቅም። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ጠበሉ ኃይል የለውም ነው የምትይኝ?»

«አይደለም የኔታ። ክሎሪን የለውም ነው የምልዎት።»

ጢማቸው ውስጥ ሳቁ። ከዚያ አውራውን ወደ እኔ ጠጋ አደረጉት። «ይኼስ? ይተርፋል?»

«አይተርፍም።»

«ማክሰኞ ዕለት ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«አዎ የኔታ ነበር ያልሽኝ።»

አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ሕይወት በሩን ከፍታ አካፋ ሰጠቻቸው።

«እንዳያስቡ የኔታ፤ ለፋሲካ ከእኔ ይገዛሉ።»

«ትሰጭኛለሽ እንጂ ትሸጭልኛለሽ?»

«ኩዌት በነጻ አልነበርኩም።»

«ባለጌ» አሏት፤ አካፋውን ትከሻቸው ላይ አድርገው እየሳቁ ሄዱ። ሕይወትና እኔ ደጃፉን በበረኪና ስናጥብ አክስቴ መጥታ ቆመች።

«አሁንስ ክሎሪኑ ተፈቀደ?» አለችን።

ሰፈሩ ሱባኤውን ከጠበቅሁት በላይ አጠበቀው። አንዷ ጎረቤታችን ዶሮዋን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ከለከለቻት፤ ሄጄ «ለእሷ አይገባም» ማለት ነበረብኝ። አያ ይሻው አውራቸውን ማድቤት አሰሩት፤ ሌሊቱን ሙሉ እየጮኸ ሚስታቸውን ከቤት ሊያስወጣት ደርሶ ነበር። እኔም በየቀኑ ከቤት ቤት ዞርሁ። «ቤዛዊት፣ ሱባኤ አስጠባቂዋ» ይሉኝ ጀመር። ያለፈውን ሰባት ወር በሙሉ ያላወራሁትን በሁለት ሳምንት አወራሁ፤ አብዛኛው ስለ ኩስ ነው።

በሰባተኛው ቀን ግን ከሕይወት ዶሮዎች አንዷ ክንፏን ጣለች። በማግስቱ ሁለት ሞቱ። ማታ ሕይወትን ሻንጣዋን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርዳ አቧራውን ስትጠርግ አገኘኋት። «ክትባቱ ሳይደርስላቸው በሽታው የቀደማቸው ይሆናሉ» አልኳት። «ስንት ናቸው የቀደማቸው?» አለችኝ። አላውቅም ነበር፤ አላውቅም አልኳት። ሦስት ቀን አልቀለደችም። አክስቴ እንኳ ፈርታ «እስኪ ስደቢኝ» እስክትላት ደረሰች። ጠዋት ጠዋት የዶሮ ቤቱን በር የምከፍተው እኔ ነበርሁ፤ ሕይወት ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ «እ?» ትለኛለች።

አምስተኛዋ ሞተች። ስድስተኛ አልመጣችም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አራት ቀን፤ አልመጣችም።

ሱባኤው ባለቀ ዕለት ሃምሳ ሰባቱም ይጮኹ ነበር። ሕይወት እንቁላል ስትለቅም ስልኳ ጠራ። እጇ ስለተያዘ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግሁላት። ደላላው ነው።

«ሕይወት፣ የመጨረሻ ቪዛ ነው። ፓስፖርትሽን ዛሬ ካላመጣሽ ለሌላ ሰው ልሰጠው ነው። አዎ ወይስ አይ?»

ሕይወት አንድ እንቁላል ወደ ብርሃኑ አንሥታ አገላበጠችው።

«ስንት ልጆች አሉህ?» አለችው።

«ሦስት። ምነው?»

«ከፋሲካ በኋላ እንቁላል የሚያመጣልህ ሰው ይዘሃል?»

«እኔ የማወራሽ ስለ ቪዛ ነው!»

«እኔ ስለ እንቁላል። ከዛሬ ጀምሮ ስትደውል ሌላ ወሬ የለንም። በትሪ ነው የምሸጠው፣ አንድ አንድ አልሸጥም። ደግሞ ስትመጣ ጫማህን በር ላይ ታጥበህ ነው የምትገባው።»

ሰውዬው ዘጋባት። ስልኩን ኪሴ ውስጥ ከተትሁት። ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነክሼ ነበር፤ አየችኝ።

«ምን ያስቅሻል?» አለችኝ። «ያንን ኩስ ጥረጊ።»