አብራ ኖራ ያላየችው

ፀጉር ሠሪዋን ደንበኞቿ ሬዲዮ ይሏታል። እሷም ስሙን ወዳው እንጂ ተቀይማበት አታውቅም። ጠዋት የሱቋን በር ከከፈተች ማታ እስክትቆልፍ ድረስ አፏ አያርፍም። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ልጅ ፈተና እንዳለፈ፣ የትኛዋ ነርስ ወደየትኛው ክፍል እንደተዛወረች ከእሷ የሚሰወር ነገር የለም። ሰው ይወዳታል። ፀጉር መሠራት የማያምራቸው እንኳ ጨዋታዋን ፍለጋ ጎራ እያሉ ወንበር ያጣብባሉ።

ሱቋ የእናቷ ቤት የመንገድ ዳር ክፍል ናት። ከመስታወቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ በር ሲገቡ ሳሎኑ፣ ከሳሎኑ ቀጥሎ ወጥ ቤቱ ይገኛል። አባትየው ከሞተ ወዲህ ዐሥራ አንድ ዓመት እናትና ልጅ እዚያ ብቻቸውን ኖረዋል። እናትየዋ ከሰዓት በኋላ በሱቁና በሳሎኑ መካከል ወንበሯን አውጥታ ትቀመጥና የሚገባውን የሚወጣውን በየስሙ እየጠራች ሰላም ትላለች። ሬዲዮም በዚህ ትኮራ ነበር። "እናቴ እኮ በድምፅ ብቻ ነው ሰው የምትለየው" ትላለች፣ እንደ ልዩ ችሎታ።

ታናሽ እህቷ የመጣችው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። በሌላ ከተማ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነበረች፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሸሚዝ እየገለበጠች የተዘለለ ስፌት ስትፈልግ ኖራ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ ሁለት ሻንጣዋን ይዛ ወደ እናቷ ተመለሰች። ጭምት ናት። ካልጠየቋት አትናገርም፤ ሲጠይቋትም አሳጥራ ትመልሳለች። ሬዲዮ አቅፋ ተቀበለቻት፤ አልጋዋን አነጠፈችላት፤ ለሰፈሩ ሁሉም "እህቴ መጣች" ብላ አወጀች። የመጀመሪያውን ሳምንት እውነተኛ ደስታ ነበር የተሰማት።

በሁለተኛው ሳምንት ግን አንድ ነገር ይቆረቁራት ጀመር።

ነገሩ ትንሽ ነው። እናትየዋ ገበያ ስትሄድ የታናሽየዋን ክንድ ትይዛለች። ሁለቱ ተያይዘው፣ እርምጃቸውን እኩል አድርገው፣ ቀስ እያሉ ሲመጡ ሬዲዮ በሱቋ መስኮት ታያቸዋለች። የእሷን ክንድ እናቷ ይዛ አታውቅም። ደግሞ አንድ ቀን ምሳ ላይ እናትየዋ "እሷ ከመጣች ወዲህ ልቤ አረፈ" አለች። ሬዲዮ የጠቀለለችውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰችው። ዐሥራ አንድ ዓመት ያስታመመች፣ ያስቀች፣ ያጫወተች እሷ፤ ልብ ያሳረፈችው ግን ሁለት ሻንጣ ይዛ ትናንት የመጣችው።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት ሱቁ ሞልቶ ሳለ ባንክ የምትሠራ ደንበኛዋ ስለ አንድ ሥልጠና ታወራ ጀመር።

"የሰው ጠባይ ዓይነት ምናምን የሚሉት ነው" አለች፣ ፀጉሯን እያስተኮሰች። "አንዳንዱ ሰው ዓይኑ ሁልጊዜ ሰው ላይ ነው አሉን። ጨዋታ ካገኘ የቤቱ ጣሪያ ቢነሳ አያውቅም። ሌላው ደግሞ ዝም ብሎ ዕቃውን፣ ግድግዳውን፣ መንገዱን ሲለቅም ይውላል።"

"እኔ የትኛዋ ነኝ በይ?" አለች ሬዲዮ።

"አንቺንማ ምኑን እንጠይቃለን" አለች ሌላዋ፤ ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ።

"እስኪ ዓይንሽን ጨፍኚ" አለች የባንኳ ሴት። "ከመስታወቱ በላይ ምን ተሰቅሏል?"

ሬዲዮ መተኮሻውን ከፍ አድርጋ ይዛ ጨፈነች። "ሰዓት።"

"ምን ዓይነት?"

"ክብ ነዋ።"

ሱቁ በሳቅ ተሞላ። ሰዓቱ አራት ማዕዘን ነበር። ራሷ ገዝታ ራሷ የሰቀለችው ሰዓት።

"ደግሞ ቆሟል" አለች ታናሽየዋ። ጥግ ላይ ተቀምጣ ፎጣ ታጥፍ ነበር፤ ቀናም አላለችም። "ከመጣሁ ጀምሮ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ከጎኑ ደግሞ ባዶ ምስማር አለ። ከሥሩ ያለው ቀለም ስላልደበዘዘ ድሮ ካላንደር የነበረበት ይመስለኛል።"

ሁሉም ግድግዳውን ዞረው አዩ። እንዳለችው ነበር። "ይቺንማ ባንካችን ይቅጠራት" አለች ደንበኛዋ። እናትየዋ ከወንበሯ ላይ ሆና "ከልጅነቷ እንዲህ ናት" ስትል ድምፅዋ ማር የተቀባ ይመስል ነበር። ሬዲዮ ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ ሳቀች። ግን ማበጠሪያውን ምን ያህል ጠበቅ አድርጋ እንደሳበችው ያወቀችው የባንኳ ሴት "ኧረ ቀስ፣ ራሴን ነቀልሽው" ስትላት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሬዲዮም አስተዋይ ልትሆን ቆረጠች። ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ የጎረቤቶቹን በር ቀለም በቃሏ ልትይዝ ትጀምራለች፤ አንደኛው አረንጓዴ፣ ሁለተኛው ቡናማ፤ ሦስተኛው በር ላይ የምታውቀው ሰው ታገኝና ጨዋታው ይደራል፤ ሲለያዩ የቀደሙት ሁለቱም በሮች ጠፍተዋታል። ዳቦውንም ረስታ የተመለሰችበት ቀን ነበር። ታናሽየዋ ግን ምንም ሳትደክም፣ እንደሚተነፍስ ሰው፣ ሁሉን ታያለች። ሬዲዮን ያንገበገባት ይኸው ነበር። ሌላው ቢቀር ለፍታ ብታገኘው ኖሮ ባላስቀናት ነበር።

ከዚያ የወጥ ቤቱ ነገር መጣ። ሁለቱ እዚያ ገብተው ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራሉ፤ እሷ ብቅ ስትል ወሬው ይቋረጣል። አንድ ቀን በድንገት ስትገባ ታናሽየዋ የጨው ጣሳ ላይ ላስቲክ ስታስር አገኘቻት።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"የድሮው ተበጥሶ ነው።"

"ጣሳ ላይ ላስቲክ ምን ያደርጋል?"

"ክዳኑ እየላላ አስቸግሮኝ ነው" አለች እናትየዋ ፈጠን ብላ።

ሬዲዮ ጣሳውን አየችው። የድሮው ላስቲክ መቼ እንደታሰረ፣ ለምንስ የጨው ላይ ታስሮ የስኳሩ ላይ እንዳልታሰረ አታውቅም። በየቀኑ የምትከፍተው ጣሳ ነው። ያሳመማት ግን ላስቲኩ አልነበረም። እናቷና እህቷ የሚግባቡበት ነገር ነበራቸው፤ የላስቲክም ቢሆን። እሷ ደግሞ በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆና በሩ ላይ ቆማለች።

በቀጣዩ እሑድ ሁለቱ ተያይዘው ገበያ ሲወጡ ሬዲዮ የሰፈሩን እንጨት ሠሪ ጠራች። ከሳምንት በፊት በድብቅ ያዘዘችው ጠረጴዛ ነበራት፤ ዝቅ ያለ፣ እግሩ የተቀረጸ፣ ላዩ መስታወት። ሶፋውን ከግድግዳው አንስተው መስኮቱ ሥር አደረጉት። ቁም ሳጥኑን ወደ ግራ ገፉት። ጠረጴዛውን መሃል ላይ፣ ልክ ከበሩ ፊት ለፊት አኖሩት። አበባም ጣል አደረገችበት። እንጨት ሠሪውን ሸኝታ ስትመለስ ሳሎኑ የሌላ ሰው ቤት መስሎ ታያት፤ ደስ አላት። "እስኪ አሁን ማን ምን እንደሚያስተውል እናያለን" አለች ለራሷ። እናቷ "ማን ነው እንዲህ ያሳመረው" ስትል ታናሽየዋ ዝም ብላ ስትቆም በዓይነ ሕሊናዋ ይታያት ነበር።

ሲመለሱ ታናሽየዋ በአንድ እጇ ዘንቢል ይዛለች። የሳሎኑ ደጃፍ ላይ አንድ ሽንኩርት ወደቀና ልታነሳ ጎንበስ አለች። እናትየዋ እንደ ልማዷ ክንዷን ለቀቀች። ከደጃፉ እስከ ሶፋው የቀድሞ ቦታ ስድስት እርምጃ ነው፤ ሁልጊዜ ብቻዋን ነው የምትሄደው። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ፈገግ እንዳለች፣ ቀጥ ብላ ገባች። ሬዲዮ ጥግ ላይ ቆማ ምስጋናዋን ትጠብቃለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ።

"እማዬ፣ ቁሚ" አለች ታናሽየዋ ከኋላ። ጠረጴዛውን ገና አሁን ነበር ያየችው።

እናትየዋ ግን ወድቃ ነበር። መስታወቱ አልተሰበረም። የተሰበረው የእናትየዋ የእጅ አንጓ ነው።

ሐኪም ቤት እጇ በጀሶ ሲታሸግ ወጣቱን ሐኪም አንድ ነገር ገረመው መሰለኝ፣ ትንሽ መብራት አውጥቶ ዓይኖቿን ተመለከተ። ጣቱን ፊቷ ላይ አወዛወዘ።

"እማማ፣ ይኼ ስንት ነው?"

እናትየዋ ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች።

"ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ አለ" አለ ወደ ልጆቿ ዞሮ። "የግራው ጭራሽ ተሸፍኗል። እንዴት ቤት ውስጥ ይንቀሳቀሱ ነበር?"

ሬዲዮ ሰማች፤ ግን ወዲያው አልገባትም። ከክፍሉ ወጥተው አግዳሚው ወንበር ላይ ሲቀመጡ ነው እህቷን ያየቻት። የታናሽየዋ ፊት ላይ ድንጋጤ አልነበረም።

"አንቺ ታውቂ ነበር" አለቻት።

ታናሽየዋ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

"አውቀሽ ነው ዝም ያልሽኝ? ባውቅ ኖሮ ያንን ጠረጴዛ እዚያ አኖረው ነበር?"

"እኔ ነኝ አትናገሪ ያልኳት" አለች እናትየዋ። "እሷን አትቆጪ። ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ዘንድሮ ነው የባሰው። ላንቺ ብነግርሽ በማግስቱ ፀጉሯን ልትሠራ የመጣች ሁሉ 'አይዞዎት' እያለች እጄን ልትይዝ ነው። እንደዚያ ሆኜ በር ላይ መቀመጥ አልፈለግሁም።"

"ለእሷስ ለምን ነገርሻት?"

"አልነገርኳትም። በመጣች በሦስተኛው ቀን ሻይ ስቀዳ ጣቴን ብርጭቆው ጠርዝ ላይ ሳደርግ አየችኝ። እስኪሞላ የምለካው በጣቴ ነበር። ሰው በሌለበት ጠብቃ ጠየቀችኝ። ስትጠይቀኝ ምን ልበላት?"

ሬዲዮ እጆቿን አየች። "ያንን ሻይ እኔ ሁለት ዓመት ጠጥቼዋለሁ" አለች።

እንባዋ መጣ፤ ግን ለእናቷ ብቻ ያለቀሰች እንዳይመስላችሁ። እዚያ ወንበር ላይ፣ የእናቷን እጅ በጀሶ ተጠቅልሎ እያየች እንኳ፣ በታናሽ እህቷ ትቀና ነበር። ያ ክንድ ለካ ለፍቅር ብቻ አልነበረም የተያዘው። ይህም ቢሆን አላጽናናትም። እናቷ ልትይዘው የመረጠችው ክንድ የታናሽየዋን ነበርና።

የቀዶ ሕክምናው ተራ ሰባት ወር ያስጠብቃል ተባሉ። እዚህ ላይ ሬዲዮ ሬዲዮነቷን አመጣች። የዓይን ክፍሉን መዝገብ የምትይዘው ነርስ ዘጠኝ ዓመት ፀጉሯን የሠራችላት ሴት ናት። ሄዳ አዋየቻት። ነርሷ "ተራ ማስቀደም አልችልም፤ ግን ቀጠሮውን የሚተው ሰው ይኖራል፤ በተደወለ በሰዓቱ የምትደርሱ ከሆነ እሞክራለሁ" አለቻት። በሦስተኛው ሳምንት ስልኩ ጮኸ። ሬዲዮ የደንበኛዋን ፀጉር ግማሹ ተጠቅልሎ ግማሹ ተበትኖ ሳለ ትታ እናቷን ይዛ በረረች። በዚህ ጊዜ ክንዷን ያስያዘችው እሷ ናት፤ ታናሽየዋ ከኋላ ካርዱን ይዛ ትከተላለች።

በቀዶ ሕክምናው ማግስት ጠዋት የዓይኗ ፋሻ ሲነሳ ሬዲዮ ሐኪሙን ልትገፋው ምንም አልቀራትም፤ ከሁሉ ቀድማ መታየት ፈልጋለች። ታናሽየዋ ይህን አይታ ወደ ግድግዳው ፈቀቅ አለችላት። እናትየዋ ዓይኗን ጭፍን ክፍት፣ ጭፍን ክፍት አደረገችና ከፊቷ ያለውን ፊት ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

"ሸብተሻል እኮ" አለች።

"እኔ? መቼ?" ሬዲዮ እጇን ወደ ራሷ ላከች። የሰፈሩን ሽበት ሁሉ የምትቀባው እሷ ናት።

"ታናሽሽስ የታለች?" አለች እናትየዋ ቀጥላ፤ ዓይኗም ክፍሉን መፈለግ ጀመረ። ሬዲዮን ያ የምታውቀው ቅናት ተመለሰባት። ሆኖም ከፊቷ ዞር ብላ ቦታውን ለቀቀች።

እናታቸው ስትተኛ ሁለቱ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ። ሬዲዮ የነጠላዋን ጫፍ ስትጠቀልል ስትፈታ ቆየች። በኋላ ወጣላት።

"ቀንቼብሽ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ይህንንም?"

"ለሰው ሁሉ ሻይ ስታቀርቢ የእኔን ስኳር ትረሺው ነበር" አለች ታናሽየዋ። "የሌላውን ረስተሽ አታውቂም።"

ሬዲዮ ሳቋ አመለጣት፤ በኮሪደሩ የምታልፍ ነርስ ዞራ እስክታያት ድረስ። "ገና ደግሞ አልተወኝም" አለች ዓይኗን እያበሰች።

"እሱንም አውቃለሁ" አለች እህቷ፤ ትከሻዋንም አስጠጋችላት።

ታናሽየዋ በኋላ የሠራተኛ ልብስ የሚሰፋበት ቤት ሥራ አግኝታ፣ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ክፍል ተከራየች። እሑድ እሑድ ትመጣለች። ሬዲዮ ያው ሬዲዮ ናት፤ ብቻ ሱቋን ከመክፈቷ በፊት እናቷ ፊት ለፊት ትቀመጥና ታፈጥባታለች። "ምን ፊቴ ላይ ጽሑፍ አለ?" ትላታለች እናትየዋ። "ዝም ብለሽ ቁጭ በይ፣ እያየሁሽ ነው" ትላለች ልጅ።

አንድ እሑድ ታናሽየዋ ገና ከመግባቷ የእናቷን ፊት አየት አድርጋ "የቀኝ ዓይንሽ እንባ ያፈሳል" አለች።

"ከሐሙስ ጀምሮ ነው" አለች ሬዲዮ ከወጥ ቤቱ። "ዓርብ ሐኪም ጋ ወስጃታለሁ። ጠብታ ሰጥቷታል፤ ማታ ማታ ነው የማደርግላት።"

ታናሽየዋ ፈገግ ብላ ተቀመጠች። ሬዲዮ ግን ያን ቀን ከደስታ ብዛት እህል አልበላችም። ሰኞ ሱቋን ከፍታ እስክትዘጋ ድረስ ለዐሥራ አራት ደንበኞች "እህቴ ሳታይ እኔ ነኝ ያየሁት" ብላ አወራች። እናትየዋ ወንበሯ ላይ ሆና ሁሉንም ሰማች፤ አንድ ሁለቴም 'አይዞዎት' እያሉ እጇን የሚይዙ አልጠፉም።