የማይሰማው ጣት

ህሊና ከግራና ከተማ ወደ መርሳ የመጣችው ሹሩባ ለመማር ነበር። አስተማሪዋ ፊዮሪ ቆቦ ከተማ ተወልዳ መርሳ ላይ ፀጉር ቤት የከፈተች፣ ቀልድ የማትወድ ሴት ናት። መጀመሪያ ፀጉር አላስነካቻትም። የመስኮቱ ብረት ላይ ቃጫ አሰረችላትና፣ «ሦስት ቦታ ክፈይው። የቀኙን ወደ መሃል፣ ከዚያ የግራውን ወደ መሃል። አታላዪው፣ ደግሞም አታጥብቂው» አለቻት። ከቃጫው በኋላ ክር መጣ፤ ከክሩ በኋላ ሰው ሠራሽ ፀጉር። በሦስተኛው ወር የጎረቤት ልጆችን ፀጉር መሥራት ጀመረች።

የቀኝ እጇ ትንሹ ጣት ግን እምቢ አለ። ዘለላውን ለይቶ መያዝ ሲገባው ታጥፎ ይቀራል። «ጣትሽን አንሺ!» ትላታለች ፊዮሪ። ህሊና ገና ስላልለመደች መሰላት።

አንድ ቅዳሜ ለሰርግ የምትሄድ ደንበኛ መጣች። ፊዮሪ የፊቱን ስትጎነጉን ህሊና የኋላውን ሰው ሠራሽ ፀጉር ጫፍ ጫፉን በላይተር እያቀለጠች ትዘጋ ነበር።

«ምን ይሸታል?» አለች ፊዮሪ። ዞር አለችና ጮኸች፦ «አንቺ! እጅሽ እየተቃጠለ እኮ ነው!»

የቀለጠው ፀጉር ትንሹ ጣቷ ላይ ተጣብቆ ቆዳውን አንስቶታል። ህሊና ጣቷን የሌላ ሰው ጣት እንደምታይ አየችው። ምንም አላመማትም። ያስደነገጣትም አለማመሙ ነው።

«ኧረ ደህና ነኝ» ብላ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች።

ጓዳ ገብታ እጅጌዋን ሰበሰበች። ክርኗ አጠገብ ነጣ ያለ ቦታ አለ፤ ቋቁቻ ነው ብላ በሎሚ ስታሸው ከርማለች። በማበጠሪያው ሹል እጀታ ዙሪያውን ወጋችው፤ አመማት። መሃሉን ወጋችው፤ ዝም። ጠንከር አድርጋ ደገመችው። ደም ወጣ እንጂ ምንም አልተሰማትም።

የአባቷ አክስት ትዝ አለቻት። ጣቶቿ አልቀው ከቤቱ ጀርባ ጎጆ ውስጥ ለብቻዋ ትኖር ነበር። ምግቧን በሩ ላይ አስቀምጠውላት ይሄዱ ነበር። ህሊና ልጅ ሳለች አንዴ የአክስቲቱ ጭን ላይ ስትቀመጥ እናቷ አይታ እያለቀሰች ገርፋታለች።

አራት ቀን ለማንም ሳትናገር ቆየች። ሰው ራስ ላይ እጇን ባሳረፈች ቁጥር የታጠፈውን ጣቷን ከፀጉሩ ታርቅ ነበር። በአምስተኛው ቀን ዘመድ ልጠይቅ ብላ ሚኒባስ ተሳፍራ ወልድያ ሆስፒታል ሄደች።

ዶክተር ያሬድ የሚባል ወጣት ሐኪም ዓይኗን አስጨፈናትና፣ «በጥጥ ስነካሽ የነካሁትን ቦታ ታሳዪኛለሽ» አላት። ህሊና እጇን ዘርግታ ጠበቀች። ብዙ ጠበቀች።

«መቼ ነው የሚጀምሩት ዶክተር?»

«ጨርሻለሁ» አላት ቀስ ብሎ።

ስጋ ደዌ እንደሆነ ሲነግራት እጅጌዋን ስባ ነጣ ያለውን ቦታ ሸፈነችው።

«ይድናል» አለ ሐኪሙ። «መድኃኒቱ በነፃ ነው፣ አንድ ዓመት ትወስጃለሽ። ከጀመርሽ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ሰው መተላለፉ ይቆማል። ቤተሰብሽ ግን ይመርመሩ።»

«ጣቴስ?»

«ሊመለስ ይችላል። ቃል ግን አልገባልሽም።»

መርሳ ተመልሳ የፀጉር ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመች፤ አልገባችም። እዚያው ሆና ለፊዮሪ ሁሉንም ነገረቻት። ፊዮሪ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ሳይታወቃት እጆቿን በሽርጧ ጠረገች።

«የስንት ሰው ራስ ነክተሻል?» አለች። ሂጂም አላለቻት፣ ግቢም አላለቻት።

ህሊና ግራና ወርዳ ለእናቷ ነገረች። እናቷ አልገረፈቻትም፤ ከዚያ ወዲያ ግን ውሃ ባቀበለቻት ቁጥር እጇን ቶሎ ትሰበስብ ነበር። እናቷ ስትመረመር ደህና ሆና ተገኘች።

ህሊና መድኃኒቱን በጀመረች በሦስተኛው ሳምንት ፊዮሪ ደውላ ጠራቻት። ስትደርስ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ፊዮሪ በሩን ዘጋች፣ ሻሿን ፈታችና ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ጤና ጣቢያ ሄጄ ጠይቄያለሁ፣ ተመርምሬያለሁም። ደህና ነኝ። እውነቱን ልንገርሽ? አሁንም እፈራለሁ።»

«እኔም እፈራለሁ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው እየፈራን ሥሪኝ። በአራቱ ጣት ያዢው።»

ህሊና ስትነካት የፊዮሪ አንገት ግትር አለ። ህሊና እጇን መለሰች።

«ቀጥዪ አልኩሽ!»

የመጀመሪያው መስመር ጠመመ። ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ የፊዮሪ ትከሻ ትንሽ ላላ። በሩ ሲንኳኳ ሁለቱም ደነገጡ።

«ሰው ይዣለሁ!» ብላ ፊዮሪ ከወንበሩ ሳትነሳ ጮኸች።